ሰው ከተገጨ በኋላ

ስለ ፍጥነት፣ ስለ መጠጥና ስለ ስልክ ያልተመከረ ሾፌር የለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል እንደሚሄድም ሰምታችኋል፤ ብትሰሙም ስልኩን አልተዋችሁትም። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየውና ብዙ ስለማይወራባት ሰዓት ልምከራችሁ፤ ሰው ተገጭቶ ሲወድቅ ስላለችው።

ቁሙ።

ሌሊት ሰው ገጭቶ የሚሰወር ሾፌር ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ብዙው ፈርቶ ነው። እስሩን ይፈራል፣ ባለንብረቱን ይፈራል፣ የሚሰበሰበውን ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ስሌቱ ግን ስህተት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ያስጠይቃል። ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ጥሎ መሄድ ደግሞ በአንቀጽ 575 ለብቻው ያስቀጣል። የሸሸ ሰው አንዱን ክስ ሁለት አደረገው ማለት ነው። አስፋልት ላይ የቀረው ወገን ደግሞ ከመጀመሪያው ግጭት ተርፎ ተከትሎ የመጣው መኪና ሊጨርሰው ይችላል። ለነፍሳችሁ የሚያሰጋ ቁጣ ከተነሳባችሁ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና ቃላችሁን ስጡ። መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ መብራት ማስቀየር ግን ሽሽት ነው።

እናንተ የምትሰበሰቡትስ? ሾፌሩን አንቆ መስታወት የሚሰብር ሰው ለተጎጂው የተቆረቆረ ይመስለዋል፤ ለቀጣዩ ሾፌር ያስተማረው ግን መሸሽን ነው። ታርጋውን ያዙ፣ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁም 939 ደውሉ። የወደቀውን እጅና እግሩን ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ አትጣሉት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ሽባ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። «ሕክምናውን ማን ይከፍላል?» ብላችሁም አታመንቱ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ ለተጎጂው የአስቸኳይ ሕክምና መብት ሰጥቶታል። ገጪው ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረው እንኳ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ።

ባለንብረቶች፣ «እኔ አልነዳሁም» ማለት አያድናችሁም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናችሁ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ያልፈቀዳችሁለት ሰው ቢነዳውም ጭምር፣ ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳችሁ በቀር። እንግዲህ መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት ተራ ለማስጠበቅ ብሎ መሪ ሲይዝ እያያችሁ ዝም አትበሉ። አደጋ ሲደርስም «ረዳቱ ነው የነዳው» ብላችሁ የድሃ ልጅ አታሳስሩ። ይህን እንደ ብልጠት የሚያወሩት ሰዎች መኖራቸው ያሳፍራል።

ሽማግሌ መላክም ለቅሶ መድረስም ደግ ነው፤ ከልብ ከሆነ አድርጉት። ሰው ከሞተ ግን ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነውና እርቅ ቅጣቱን ቢያቀልል እንጂ ፋይሉን አይዘጋውም። የተጎጂ ቤተሰቦችም በሐዘን ላይ ሆናችሁ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። ለካሳ ክስ ሕጉ በመሠረቱ የሰጠው 2 ዓመት ነው። ጊዜው ሳያልፍ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃውንና የተጎጂውን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ሰብስቡና የሕግ ባለሙያ አማክሩ።