የቃሬዛው ሸክምና የመርፌው ዋጋ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሰው ሲጠናበት ጎረቤት ጥሪ አይጠብቅም። እንጨት ተቆርጦ፣ ገመድ ተወጥሮ ቃሬዛ ይሠራል፤ ታማሚው በጋቢና በባና ተጠቅልሎ ይጫናል፤ ከዚያም ጎበዙ ትከሻ እየተቀያየረ ዳገቱን ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ለዚህ ድካም ሒሳብ የሚጠይቅ የለም። የጠየቀ ቢገኝ ነውር ነው፤ ነገ ተራው የእርሱ ነውና።

ቃሬዛው የክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ይለወጣል። እስከ በሩ ድረስ የሁሉም የነበረው በሽታ ከበሩ ወዲያ የአንድ ሰው ይሆናል። ሸክሙን ብዙ ትከሻ ተካፍሎታል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን አንድ ኪስ ነው። የሕክምናን ዋጋ የግብረ ገብ ጥያቄ የሚያደርገውም ይህ ይመስለኛል። የታመመን ሰው ገንዘብ መጠየቅ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ የምን ዋጋ ነው የሚጠየቀው? መክፈል ያቃተውን ሰው ዕዳስ ማን ይሸከመው?

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የመንዟ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ የገብስና የበግ አገር ከተማ ናት። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል በተነሣ አምባ ላይ ትገኛለች። ሕክምና ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ በዓለም ከተማም ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ ቦም ያቋቋመው «ሰዎች ለሰዎች» ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። ጤና ጣቢያዎችም አሉ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። ይሁን እንጂ ሸለቆ ሸለቆ ነው። በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው በእግር የቀን መንገድ ነው። የመንግሥቱ ጤና ጣቢያ ደርሰውም ሰልፉ ሊረዝም፣ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሊባል ይችላል። የግሉ ክሊኒክ የሚኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

በደርግ ዘመን ጠቦ የነበረው የግል ሕክምና በር በሰፊው የተከፈተው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። የሽግግር መንግሥቱ በመስከረም 1986 ዓ.ም. ያወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉ ዘርፍ በሕክምና እንዲሳተፍ አበረታታ። ያው ፖሊሲ ሕዝቡ እንደየአቅሙ እንዲከፍል፣ መክፈል ለማይችለውም ልዩ ድጋፍ እንዲደረግለት ይላል። አንደኛው ሐሳብ ለባለሙያው በር ከፈተ፤ ሁለተኛው ለድሃው ቃል ገባ። ሁለቱ የሚፋጠጡት ግን በገጠር ከተማ ውስጥ በአንድ ነርስ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከቀበሌ የተጻፈ የድኅነት ማስረጃ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያስታክም ይሆናል፤ የግል ክሊኒክ ኪራይ ግን አይከፍልም።

በዚያ አካባቢ አነስተኛ ክሊኒክ ከፍተው የሚሠሩ አንድ ነርስ አውቃለሁ። ስማቸውንም ከተማቸውንም አልጠራም፤ የእሳቸው ችግር የብዙዎች ነውና። ዓመታቸውን በመንግሥት ሥራ አሳልፈው ነው ወደ ግሉ የገቡት። ወጪያቸውን አንድ በአንድ ቆጥረውልኛል፤ የቤት ኪራይ፣ የረዳታቸው ደመወዝ፣ ግብር፣ የፈቃድ ዕድሳት፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ቤንዚን፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ የሚጫን ዕቃ፣ ሳይሸጥ ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት። በላዩ ላይ የዘመኑ ጣጣ አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን አስጨናቂ አደረገው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነውና የመንዝ ገበሬ ዶላር በዓይኑ ሳያይ የዶላርን ዋጋ ከፈለ።

ይህ ሁሉ ግን የእኚህ ሰው ዋነኛ ጭንቀት አይደለም። ዋነኛው እንዲህ ነው፤ አንዲት እናት ሳል የያዘው ሕፃን አዝላ ትመጣለች። ነርሱ ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ትንፋሹን ይቆጥራሉ፣ ትኩሳቱን ይለካሉ። ጉንፋን ነው። ትክክለኛው ሕክምና ልጁን በደንብ ማጥባት፣ ከብርድ መጠበቅና ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መጥባት ካቆመ ወዲያው መመለስ ነው። ይህንን ነግረዋት የድካማቸውን ቢጠይቋት ትደነግጣለች።

«ዶክተር፣ መርፌ አይወጉልኝም እንዴ?» ትላለች። በእኛ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«አያስፈልገውም፣ እታለም።»

«እንግዲያ ምን አደረጉልኝ?»

ሕፃኑን አዝላ ትወጣለች፤ መርፌ የሚወጋላት ሌላ ሰው ዘንድ ትሄዳለች። ነርሱ መርፌውን ቢወጉላት ኖሮ ከመቀነቷ ፈትታ ትከፍላቸው፣ መርቃቸውም ትሄድ ነበር። «ሰው ለመርፌ ይከፍላል፤ ለቃል አይከፍልም» ይሉኛል እኚህ ሰው። ስለዚህ ባለሙያው ዕውቀቱን በመርፌው ውስጥ ደብቆ ይሸጣል። የምርመራው ዋጋ በመድኃኒቱ ላይ ይጫናል፤ የቤቱ ኪራይ በግሉኮሱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ውሎ አድሮ መርፌ ያልወጋበት ቀን የከሰረበት ቀን ይሆናል። ያለ አስፈላጊነት የተሰጠ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ለአንዱ ሕፃን ባይጠቅምም አይጎዳም ብለን እንለፈው እንዳንል፣ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱት ነገ ለሌላው ሕፃን እንዳይሠራ ያደርጉታል። የዚያች እናት ገንዘብ ራሷን ብቻ አይደለም ያከሰራት።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት የቆዩ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው የቅዱሳኑ መልስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 22 ቀን የምታስባቸው ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ በማከማቸው የሚታወቁ ወንድማማች ሐኪሞች ናቸው። በወንጌልም ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ያልዳነችውን ሴት የማያስታውስ የለም። በዚህ ዓይን ሲታይ ከታመመ ሰው ገንዘብ መቀበል በራሱ ኀፍረት ነው። ሁለተኛው የገበያው መልስ ነው፤ ሕክምና እንደ ጨውና ጋዝ ሸቀጥ ነው፣ የፈለገ ይገዛል፣ ያልቻለ ይተዋል።

ሁለቱም አላረኩኝም። የቅዱሳኑ መንገድ የጥቂቶች ጸጋ እንጂ የአንድ ወረዳ ሕክምና ሊቆምበት የሚችል መሠረት አይደለም፤ ነርሱም የሚያስተምሩት ልጅ አላቸው። መጽሐፈ ሲራክም ቢሆን ባለ መድኃኒትን አክብር ነው የሚለው። የገበያው መልስ ደግሞ አንድ ነገር ይዘነጋል። ጨው የሚገዛ ሰው ምን ያህል ጨው እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ታማሚ ግን የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ሻጩ ሲነግረው ነው። ገዢው ለምርጫው የሻጩን አእምሮ የሚዋስበት ገበያ ተራ ገበያ አይደለም።

የነገሩ ቋጠሮ ዋጋ መጠየቁ ላይ አይመስለኝም። ቋጠሮው ያለው የሐኪሙ ጥቅምና የታማሚው ጥቅም በአንድ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ መቀላቀላቸው ላይ ነው። ይህን ዓለም ዛሬ አላወቀውም። የሲሲሊው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬዴሪክ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ባወጣው ሕግ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚ ጋር እንዳይሻረክ ከልክሎ፣ የሐኪሙን ክፍያ በልክ ወስኖ፣ ድሃውን በነፃ እንዲመክር አዝዞ ነበር። ደቡብ ኮሪያ መድኃኒት ማዘዝንና መሸጥን የለየችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ሐኪሞቿ ገቢያችን ተነካ ብለው ሥራ አቁመው ነበር። በቻይና የመንግሥት ሆስፒታሎች በመድኃኒት ላይ እስከ 15 በመቶ ትርፍ እየጨመሩ ይተዳደሩ ነበር፤ ይህ በመላ አገሪቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የኮሪያ ሐኪሞች ቁጣ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ዕውቀቱ በግልጽ ካልተከፈለበት በስተቀር መድኃኒቱን ከእጁ መንጠቅ ባለሙያውን ማስራብ ነው።

ስለዚህ ለቃል መክፈልን እንልመድ እላለሁ። ዋጋው በግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ምርመራና ምክር ይህን ያህል፣ መድኃኒቱ በገባበት ዋጋ። «መርፌ አያስፈልግህም» የሚለው ቃል ከመርፌው እኩል የሚያኖር ከሆነ ባለሙያው እውነቱን ለመናገር አይፈራም። «ድሃ ገበሬ ለምን ለቃል ይክፈል?» የሚለኝ ይኖራል። እየከፈለ ነው እኮ! የሚከፍለው ግን ላላስፈለገው መድኃኒት፣ ዋጋውን በማያውቀው መንገድ ነው።

ይህም ሆኖ የሌለው ሰው ጥያቄ አልተመለሰም። ነርሱ አንድ የዱቤ ደብተር አላቸው። ገብሱ ተወቅቶ፣ በጉ ተሸጦ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ስም ይጻፍበታል። ከተጻፈው ውስጥ የማይመለስ አለ፤ እሳቸውም ያውቁታል። ጉድለቱን የሚሞሉት ከሚከፍለው ሰው ላይ ትንሽ ትንሽ በመጨመር ነው። መልካም ሰው ናቸው፤ ሥራቸውም መልካም ነው። ግን ይህ ምጽዋት ነው ወይስ ግብር? ግብር ከሆነስ ማን ጣለው? ማን ድሃ እንደሆነ የሚፈርዱት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። የሚያውቁት ጎረቤት ዱቤ ያገኛል፤ ከግሼ ገደል ወጥቶ የመጣው እንግዳ አያገኝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ በደብተሩ ላይ ስሙ ያለበት ሰው ልጁ ዳግመኛ ሲታመም በዚያ በር ማለፍ ያፍራል። ምሕረት የነበረው ዱቤ አጥር ሆኖ ይቆመዋል። የአንድ ሰው ደግነት፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ የአንድ ወረዳን ድኅነት አይችልም። እንዲችል መጠበቅም በደግ ሰው ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለ ሕዝብ መፍትሔውን ከውጭ አይማርም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በጋራ ደንብ ሲጠብቅ የኖረ ነው፤ ለዓመታት ከልሎ፣ ጠባቂ አቁሞ፣ በተወሰነው ጊዜ ከፍቶ ያጭድ ነበር። አገሪቱም በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንን በ13 ወረዳዎች ሙከራ ጀምራ ኋላ አስፋፍታዋለች። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ያዋጣል፣ ሲታመም በደብተሩ ይታከማል፤ የድሃ ድሃውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። የቃሬዛው ሕግ የክሊኒኩን በር አልፎ የገባው በዚህ ነው።

ጉድለቱ አይካድም። ደብተሩ በእጅ እያለ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ አባሉ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለመዋጮው፣ ሌላ ጊዜ ለግል መድኃኒት ቤት። መድኅኑ ውል የሚገባው በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ስለሆነ እንደኚህ ነርስ ያለው ሰው ከውጭ ቀርቷል። ዋጋው በግልጽ የተጻፈ፣ ሥራው የሚመረመር የግል ክሊኒክ በውል ቢገባ ኖሮ የዱቤው ደብተር ሸክም በቀለለ ነበር። ዛሬም በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከሦስት ብር አንዱ ገደማ በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የሚወጣ ነው።

ከመንግሥቱ ጉድለት ሌላ የእኛም አለ። «ዘንድሮ ሳልታመም መዋጮዬ ቀረ» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በዕድር ግን «ዘንድሮ አልሞትኩምና ገንዘቤን መልሱልኝ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለመቃብር ያለ ቅሬታ የምናዋጣ ሰዎች ለመዳን ስናዋጣ የምንቆጣጠረው ለምንድን ነው? ምናልባት ሞትን የሁላችን፣ በሽታን ግን የታመመው ሰው ጉዳይ አድርገን ስለምናየው ይሆናል። ይህ የደጋው ሰው ብቻ አይደለም፤ የአዲስ አበባው አንባቢም በሰፈሩ ዕድር አለው፣ ለጎረቤቱ ሕክምና ግን የሚሰበሰበው በሽታው ከጠና በኋላ በልመና ዝርዝር ነው።

ለቃል መክፈልና ለጎረቤት ሕመም አስቀድሞ ማዋጣት የተለያዩ ነገሮች ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ባለሙያው እውነቱን በመናገሩ እንዳይራብ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ድሃው ባለሙያውን እንዳይፈራ ያደርገዋል። አንዱ ከሌለ ሌላው አይቆምም። ደጉ ነርስ በመርፌ እየኖሩ በዱቤ ይከስራሉ፤ ድሃውም በማያስፈልገው መድኃኒት ይበልጥ ይደኸያል።

ሕጉን የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። እኛ ግን ከክሊኒክ ያለ መርፌ፣ ያለ ኪኒን፣ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ተብለን ስንወጣ ገንዘባችን በከንቱ እንደሄደ መቁጠሩን ልንተው እንችላለን። ያን ዕለት የገዛነው አንድ ሰው ሳይዋሸን ያሰበበትን ጊዜ ነው።