ፖስታው ከመከፈቱ በፊት፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ

ልጆቼ፣ «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግንባታ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የቀን ሠራተኛ ስም እየመዘገብኩ፣ ኋላ የተሠራውን እየለካሁ፣ በመጨረሻም ከአማካሪ መሐንዲሶች ጋር ሆኜ የክፍያ ሰርተፍኬት እያመሳከርኩ። ስለዚህ በታክሲ ውስጥም፣ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥርም፣ ዕድር ላይም የምትሉትን ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ። «አሸናፊው ቀድሞ ታውቋል፤ ጨረታው ለወጉ ነው» ትላላችሁ። ብስጭታችሁን አልነቅፈውም። የምነቅፈው ሁላችሁም ዓይናችሁን ፖስታው በሚከፈትባት ሰዓት ላይ መትከላችሁን ነው። በአዲስ አበባ ቆይታዬ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ያቺ ሰዓት ብዙ ጊዜ ንጹሕ መሆኗን ነው። ሁሉም ሰው አለ፣ ፖስታው እንደታሸገ ነው፣ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ሥራው የሚበላሸው ከእሷ በፊትና ከእሷ በኋላ ነው።

በፊት ስል ምን ማለቴ ነው? አዲስ ዘመንን ገልጣችሁ አንድ የጨረታ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዋስትና የጨረታ ማስከበሪያ፣ ቴክኒካሉና ፋይናንሻሉ በተለያየ ፖስታ፣ ዋናና ቅጂው ተለይቶ። መጨረሻ ላይ ያቺ የማትቀረዋ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉ ወይም በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። ሰው የሚስቀው በዚህች በመጨረሻዋ ነው። እኔ ግን የምፈራው መካከሉን ነው። «ባለፉት ዓመታት ይህን ያህል ተመሳሳይ ሥራ ያጠናቀቀ»፣ «ይህን ያህል ዓመታዊ ገቢ ያለው»፣ «ይህን ዓይነት ማሽን በስሙ ያስመዘገበ» የሚሉትን መስመሮች። እነዚህ መስፈርቶች ለሥራው ሲባል ከተጻፉ ከተማዋን ከአቅመ ቢስ ተቋራጭ ይጠብቃሉ። በአንድ ሰው ልክ ከተሰፉ ግን ሌላው ተጫራች ልብሱን ለመለካት ብቻ ነው የሚመጣው። ጨረታው ግልጽ ነው፣ ማስታወቂያውም ወጥቷል፣ ሕጉም አልተጣሰም። ለካ ጨዋታው ያለቀው ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እየተስፋፋ የመጣው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ጥሩ ነገር ነው፤ ፖስታ መሰወርን፣ ሰዓት ካለፈ በኋላ ማስገባትን፣ በር ላይ ተጫራች ማስፈራራትን ያስቀራል። መስፈርቱን የሚጽፈው ግን ዛሬም ሰው ነው።

ይህ የእኛ የብቻችን በሽታ እንዳይመስላችሁ። በካናዳ ሞንትሪያል የምትባል ሀብታም ከተማ አለች። እዚያ የእግረኛ መንገድና የፍሳሽ መስመር ሥራ ለዓመታት በታሸገ ፖስታ፣ በይፋ ጨረታ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ይሰጥ ነበር። ወረቀቱ እንከን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዳኛ ፍራንስ ሻርቦኖ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ምስክሮች በቴሌቪዥን ፊት ሲናዘዙ ግን የታየው ሌላ ነው። ተቋራጮቹ አስቀድመው ተራ ይይዙ ነበር። ተራው የደረሰው ዋጋውን ይወስናል፤ የቀሩት ለማሟያ ከእርሱ ከፍ ያለ ዋጋ ጽፈው ያስገባሉ። «እከክልኝ ልከክልህ» ማለት ይኸው ነው። ከውሉ ላይ 3 በመቶው ከተማዋን ለሚያስተዳድረው ፓርቲ እንደሚሄድ፣ ለማፊያውም ድርሻ እንዳለው፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲሶችም እጅ መንሻ እንደሚቀበሉ ተመሰከረ። ከንቲባው ጄራልድ ትሬምብሌይ በኅዳር 2012 ሥልጣን ለቀቁ። በእርሳቸው ቦታ ቤቱን ላጸዳ ነው ብለው የተተኩት ማይክል አፕልባም ዓመት ሳይሞላቸው ተያዙ፤ ቀድሞ የክፍለ ከተማ ኃላፊ ሳሉ በፈጸሙት ጥፋትም በ2017 ተፈረደባቸው። ከተማዋ በ2014 ውል እስከ መሰረዝ የሚደርስ ሥልጣን ያለው ዋና ኢንስፔክተር አቋቋመች። ልብ በሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት ፖስታ ሲከፈት ቆሞ ያየ ሰው ምንም ነውር አያገኝም ነበር። አምስት ተጫራች፣ አምስት ዋጋ፣ ዝቅተኛው አሸነፈ። ነገሩ የሚታየው የአንዱን ዓመት ውሎች ደርድሮ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ሰፈር፣ በምን ተራ እንዳሸነፈ ያየ ሰው ብቻ ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ማንም አያየውም። ጋዜጣው ላይ «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር» ተብሎ የወጣው ቁጥር ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቁጥር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቫሪዬሽን የሚሉት የሥራ ለውጥ አለ፣ ተጨማሪ ሥራ አለ፣ የጊዜ ማራዘሚያ አለ፣ የዋጋ ማስተካከያ አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሏል ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ከነዚህ አብዛኛው ሐሰት አይደለም። መሬት ሲቆፈር በስዕሉ ላይ ያልነበረ የውሃ ቧንቧ ይወጣል። ብር በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ዘለለ፤ በአሮጌ ዋጋ የፈረመ ተቋራጭ ምን ያድርግ? ችግሩ እውነተኛው ምክንያት ለውሸተኛው መደበቂያ መሆኑ ነው። ቆርጦ የሚለየው ደግሞ አማካሪ መሐንዲሱ ነው። አማካሪው ከደከመ ወይም ከተገዛ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ጽፎ ያሸነፈ ሰው በቫሪዬሽን መንገድ ከሁሉም ተጫራች በላይ ወስዶ ይወጣል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ወሰን ማስከበር። ቤቶች ሳይነሡ፣ የመብራት ምሰሶ ሳይዛወር፣ ካሳ ሳይከፈል መንገዱ ለተቋራጭ ይሰጣል። እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ቅድመ ክፍያ ይወጣል። ማሽኑ መጥቶ ይቆማል። ከዚያ ተቋራጩ «ቦታው አልተለቀቀልኝም» ብሎ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል፤ መብቱ ነውና ያገኛል። ነዋሪው ተቋራጩን ይረግማል፣ ተቋራጩ ክፍለ ከተማውን፣ ክፍለ ከተማው መብራት ኃይልን። ቦታው ሳይዘጋጅ ውል ያስፈረመውን ሰው ግን ማንም ስሙን አያነሣም! በእኔ ፍርድ ከጉቦ ይልቅ ይህ ነው ከተማዋን ያደኸያት።

ፍጥነትን ነቀፈ እንዳትሉኝ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ በምርኩዜ ተዘዋውሬያለሁ፤ ለሽማግሌ እግር የተመቸ የእግር መንገድ ማየት ደስ ይላል። ሆኖም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የግዥ ሕጋችን ለአስቸኳይ ጉዳይ ያለ ግልጽ ጨረታ የሚሠራበትን በር ይከፍታል። ያ በር የሚከፈተው ምክንያቱ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ የፈቀደው ሰው ስም ከሥሩ ተፈርሞ ነው። ወረቀቱ ካለ ሠሪውንም ከሐሜት ያድነዋል።

እናንተ ተቋራጮች ደግሞ አድምጡኝ፤ የምትሉት ሁሉ እውነት አይደለም። ከመካከላችሁ ዋጋውን ከወጪው በታች ጽፎ፣ ቅድመ ክፍያውን ወስዶ፣ መሠረቱን አውጥቶ የሚጠፋ አለ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ነው እርሱ፤ እናንተ ግን በማኅበራችሁ ፊት አንድ ቀን ገሥጻችሁት አታውቁም። ቅሬታም ካላችሁ በጊዜው አቅርቡ። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ቅሬታ ያለው ተጫራች በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ እንዲያመለክት፣ ካልረካም ወደ ቅሬታ አጣሪ ቦርድ እንዲሄድ ይፈቅድ ነበር። በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል፤ አዲሱን አንብቡት፣ የቅሬታውን ቀን ቁጠሩት። እኔ የማውቃችሁ ግን አምስቱን ቀን ማኪያቶ እየጠጣችሁ አውርታችሁበት፣ በስድስተኛው ቀን ጠበቃ ስትፈልጉ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «ብናመለክት በሚቀጥለው ጨረታ ይጥሉናል» የምትሉትን አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ብቻውን የሚያመለክት ሰው ይመታል፤ በማኅበር ስም የሚያመለክት ግን ፊቱ አይለይም።

መንግሥትም ከናንተ የሚሰማው ነገር አለ። የተለካ፣ የጸደቀ፣ የተፈረመ ክፍያ ለወራት ቢሮ ውስጥ ሲያድር ምን እንደሚሆን አስቡ። ጨዋው ተቋራጭ ደመወዝ መክፈል ያቅተውና ከከተማ ሥራ ይወጣል። የሚቀረው ክፍያውን የሚያስፈርምለት ዘመድ ያለው ነው። በሚቀጥለው ጨረታ «ለምን ሦስት ሰው ብቻ ተጫረተ?» ብለን እንገረማለን። ክፍያ በጊዜው ቢወጣ፣ ዋጋውም ይወርድ ነበር፣ ተጫራቹም ይበዛ ነበር፤ ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

አንቺ በግዥ ክፍል የተቀጠርሽው ልጄ፣ አንተም ቴክኒካል ኮሚቴ ውስጥ የገባኸው፣ አባቶቻችን ሁለት ክፉ ተረት ጥለውልን ሄደዋል። አንዱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ነው፤ ሌላው «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ»። ተረት ሁሉ ምክር አይደለም፤ አንዳንዱ የበደለኛ ሰበብ ነው። ሽማግሌ ነኝና እነዚህን ሁለቱን አልቀበልም ብል የሚቆጣኝ የለም። አለቃሽ ነጥብ ቀይሪ ካለሽ፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ። አብዛኛው አለቃ በጽሑፍ አያዝዝም፤ ነገሩ እዚያው ይበርዳል። ካልበረደ፣ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። አዋጅ ብቻውን እንጀራሽን እንደማያስጠብቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት ቅጂሽን ያዢ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ለታመነ ሰው ንገሪ።

የቀራችሁት ነዋሪዎች ናችሁ፤ ከሁሉ የምትበዙት፣ ከሁሉ የምትጮኹት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የዚህ መንገድ ባለቤት እናንተ ናችሁ፤ ግን ውሉን ያየ ሰው ከመካከላችሁ ማን አለ? በሰፈራችሁ መንገድ ሲሠራ ሰሌዳው ላይ የተቋራጩ፣ የአማካሪው፣ የአሠሪው ስም፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን መጻፍ አለበት። ሰሌዳው ከሌለ የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶ፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ አዟል። ይህን መብት ጋዜጠኞች እንኳ እምብዛም አይጠቀሙበትም። እኛማ ጭራሽ አናውቀውም።

ስትጠይቁ «ሌቦች!» እያላችሁ አትጀምሩ። ሌባ ያልሆነውም ይሸሻችኋል፤ ሌባውም ስድቡን ይዞ ተበደልኩ ይላል። የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፤ ውሉ ሲፈረም ዋጋው ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ደረሰ፣ ልዩነቱን ያጸደቀው ማን ነው፣ የአስፋልቱና የሥሩ ጠጠር ውፍረት በስፔሲፊኬሽኑ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው። አራተኛውን የማስገባው በምክንያት ነው። ዋጋውን ቢሮ ውስጥ ሊያሳምሩት ይችላሉ። የጠጠሩን ውፍረት ግን ከእናንተ መካከል ሜትር የያዘ አንድ ጡረተኛ፣ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ጠዋት ወጥቶ ያየዋል። እኔም እንዲህ ካለው ጡረተኛ ተርታ ነኝ፤ ጥሩኝ። የተሠራውን ከተቀበረ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው፤ ያኔ የሚቀረው የዋና ኦዲተር ሪፖርት ነው፤ እርሱ ደግሞ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ጥያቄው በዕድሩ ስም ይሁን፤ የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ አይሁንበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና በሁለት ቅጂ ጻፉት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተሙንም አስመቱ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢሏችሁ ኃላፊውን አትጠብቁ፤ ደብዳቤ የሚቀበለው መዝገብ ቤቱ ነው። ሠላሳው ቀን ሲያልፍ ያንኑ ቅጂ አያይዛችሁ ለወረዳው የምክር ቤት ተወካያችሁ ስጡ፤ ጥያቄውንም በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ እንዲያነበው ንገሩት።