መምታት የሚችል ልጅና ሶብር



ልጄ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት መጣልኝ። ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ቴኳንዶ ሊሰጥ ስለታሰበ ወላጆች ስምምነታቸውን በፊርማ እንዲገልጹ ይጠይቃል። ወረቀቱ ከሁለት ወር በፊት ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ሳላነበው እፈርም ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በሰፈራችን ክለብ ቴኳንዶ ከጀመረ መንፈቅ አልፎታል፤ ይዤው የሄድኩትም እኔው ነኝ። ምክንያቱን አልደብቅም፤ ትልልቆቹ ልጆች ምሳውን እየቀሙት፣ ደብተሩን እየቀደዱበት እያለቀሰ ይመጣ ስለነበር ነው።

አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ እናቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ ግን ልጄ በብስክሌት የተነሳ ከእህቴ ልጅ ጋር ተጣላ። የእህቴ ልጅ በሁለት ዓመት ያንሰዋል። በእርግጫ አፉን አለው፤ የልጁ ከንፈር ተሰነጠቀ። እህቴ ልጇን ታቅፋ ስትሮጥ እኔ የራሴን ልጅ ጆሮውን ይዤ ተቆጣሁት፤ ይቅርታም አስጠየቅኩት። በውስጤ የተሰማኝ ግን ሌላ ነበር። ደስ አለኝ። «ከእንግዲህ የሚደፍረው የለም» የሚል ደስታ ነበር። ያ ስሜት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ብዕር ያስነሳኝም እርሱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ቁጣውን መግዛት ላልተማረ ልጅ የመምታትን ጥበብ ማስተማር ተገቢ ነውን?

«አይገባም፣ ሶብርን ብቻ እናስተምረው» ማለት ቀላሉ መልስ ነው። እኔና ባለቤቴም በዚህ መንገድ ሄደንበታል። ምሳውን ተቀምቶ በመጣ ቁጥር «ሶብር አድርግ» እንለው ነበር። ግን በውነቱ ልጁ ሶብር አድርጎ ነበርን? እጁ ስለማይችል ብቻ ያልመታ ልጅ ታገሠ ከተባለ፣ መንገድ ላይ የምንረግጠው ድንጋይም ታጋሽ ነው። የልጄ ዝምታ ፍርሃት ነበር፤ እኛ ግን የሚያምር ስም ሰጠነው። ይህን የምናደርገው በልጆቻችን ላይ ብቻም አይመስለኝም።

ሲራችንን ብንመለከት ትዕግስትና ምሕረት ከድካም ጋር ተጣብቀው አናገኛቸውም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ሺህ ሠራዊት አስከትለው መካ ሲገቡ፣ ያሳደዷቸውና ባልደረቦቻቸውን ያሰቃዩባቸው ቁረይሾች በእጃቸው ወድቀው ነበር፤ ማሯቸው። ምሕረቱ ከባድ ሚዛን ያለው መቅጣት ይቻል ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት፣ በመካው ዘመን፣ ሙስሊሞች እጃቸውን እንዲሰበስቡ በታዘዙ ጊዜስ? ከታዘዙት መካከል አዳኙ ሐምዛና ሁሉም የሚፈራቸው ዑመር ነበሩ። እነርሱን ደካማ የሚል ማን አለ?

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ሐዲሥ፣ ብርቱ ሰው ሌላውን በትግል የሚጥለው ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚቆጣጠረው መሆኑ ተነግሮናል። ልብ እንበል፤ ሐዲሡ ትግልን አልነቀፈም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሩካና ከተባለው ብርቱ ሰው ጋር ታግለው እንደጣሉት በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል፤ ሰነዱ ላይ ዑለማዎች ቢነጋገሩበትም። እንግዲያስ ልጄ ሶብር እንዲያደርግ ከፈለግኩ መጀመሪያ መምታት መቻል አለበት ማለት ነው። ችግሩ መቻሉ ቀድሞ መጣ፤ ሶብሩ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

ይህ ጭንቀት በእኛ አልተጀመረም። ካራቴን ወደ ትምህርት ቤት ያስገባው ኦኪናዋዊው አንኮ ኢቶሱ ነበር፤ ዘመኑም የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ለአዋቂ የሚሰጠውን እንዳለ ለልጆች አላወረደውም። አደገኛ የሆነውን ቀንሶ ፒንአን የሚባሉ አምስት የእንቅስቃሴ ቅንብሮችን ለተማሪዎች አዘጋጀ፤ ቃሉም ሰላምን የሚያመለክት ነው። የእርሱ ተማሪ የነበረው መምህር ጊቺን ፉናኮሺ ካራቴን እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ቶክዮ ይዞ ሄደ፤ በካራቴ ቀድሞ መምታት እንደሌለም አስተማረ። ቅንብሮቹም የሚጀምሩት በመከላከል ነው። ግን ሥዕሉን ከልክ በላይ አናሳምረው። ኢቶሱ በ1908 ለትምህርት ኃላፊዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚህ ትምህርት ያደጉ ልጆች ለወታደርነት እንደሚጠቅሙም አስረድቷል። ልጅን እናጠንክረው የሚል ሁሉ ለምን እንደፈለገው መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። እኔም ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁትን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ባህላዊ የማርሻል አርት ስፖርቶችን በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት አድርጋለች። በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጆች ፈርተው ነበር፤ ከ1983 ወዲህ በነበሩት ሠላሳ ያህል ዓመታት በትምህርት ቤት ጁዶ ከ110 በላይ ልጆች ሞተዋልና። የብዙዎቹ ጉዳት ጭንቅላት ላይ ነበር። አወዳደቅ በቅጡ ሳይማር የሚወረወር ልጅ ምን እንደሚደርስበት ለመረዳት ሐኪም መሆን አያሻም።

ከዚያው አገር ሌላም የምንማረው አለ። በኮቤ ከተማ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የሚማር የይሖዋ ምስክሮች እምነት ተከታይ፣ የሰይፍ ግጥሚያ የሆነውን ኬንዶ እምነቴ አይፈቅድልኝም አለ። በሰውነት ማጎልመሻ ውጤት ምክንያት ክፍል እንዲደግም ተደረገ፤ በኋላም ተባረረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ለተማሪው ፈረደ፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ አማራጭ ሊያስብለት ይገባ ነበር አለ። እምነቱ ከእኛ የራቀ ነው። ነገር ግን ለተጋጣሚ ማጎንበስ ከሩኩዕ ጋር እየተመሳሰለበት ልቡ የሚጨነቅ የሙስሊም ልጅ ነገ እዚያው ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል።

ይህን ሁሉ ይዤ የስፖርት መምህሩን ላነጋግር ሄድኩ። ወጣትና ትሑት ሰው ነው። የማጎንበሱን ነገር ሳነሳ ወዲያው «ችግር የለም ጋሼ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ይባባላሉ» አለኝ። አወዳደቅና መከላከል እንደሚቀድሙም ነገረኝ። ያልተግባባነው ፊት ላይ ስንደርስ ነው። ፊትን መምታት በሐዲሥ የተከለከለ መሆኑን ገለጽኩለት። ፈገግ ብሎ «ነጥቡ እኮ እዚያ ነው ያለው» አለኝ። ሐሰት አልተናገረም፤ በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ውድድር ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ቢሆንም፣ ደረት ላይ ያረፈ እርግጫ 2 ነጥብ ሲያስገኝ ራስ ላይ ያረፈው 3 ያስገኛል። ልጄ የአክስቱን ልጅ አፍ የመታው አላውቅ ብሎ አልነበረም፤ የበለጠ የሚያስመሰግነውን ነው የመረጠው።

«ታዲያ ውድድሩ ለክለብ ይቅርና በክፍለ ጊዜ ፊት አይነካ» አልኩት። «ያለ ነጥብ ልጆቹ በወር ውስጥ ይሰለቻሉ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ልጄ ከክለብ ሲመለስ መጀመሪያ የሚነግረኝ ማን ስንት እንዳገባ ነውና።

ወረቀቱን ፈርሜዋለሁ። ከፊርማዬ በታች ግን ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ በክፍለ ጊዜው ወደ ፊት የሚሰነዘር እርግጫ እንዳይኖርና በእምነቱ ምክንያት ያልተሳተፈ ልጅ ውጤቱ እንዳይነካ። የዚያ ትምህርት ቤት ወላጅ የሆናችሁ፣ ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ብቻዬን እንዳትተዉኝ አደራ እላለሁ። ልጄን ከክለቡ አላስወጣሁትም፤ በሚሠለጥንበት ሰዓት ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከንፈር ድኗል። ትናንት ማታ እህቴ ደወለችልኝ። የክለቡን የወር ክፍያ ጠየቀችኝ፤ ልጇን ልታስመዘግበው ነው። ነገርኳት።