ከምንጣፍ በታች ስላለው ወለል

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ቤትህ ገብቶ ምንጣፍህን የሚያደንቅ እንግዳ ብዙ ነው፤ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን የሚመረምር ግን አይገኝም። ስለዚህ ነገር ልጽፍልህ የተነሣሁት ከአንተ ይልቅ ጥበበኛ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ በዚሁ ነገር ስለ በደልሁ ነው እንጂ።

አባታችን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ያወረሰን ቤት ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት አሮጌ ቤት ነው። ከዘመን ብዛት የተነሣ አንዳንዱ ድንጋይ ሰጥሞ፥ አንዳንዱም ጠርዙ ከፍ ብሎ ነበር፤ በደጃፉም አጠገብ አራት ጣት የሚያህል ጐድጓዳ ነበረ። የእናታችን ዓይን ደክሟል፤ እግሯ ግን ያን ወለል ያውቀው ነበርና፥ በሌሊት እንኳ ብትነሣ ጐድጓዳውን ዞራ ታልፍ ነበር። እንግዶች የሚመጡበት ቀን በቀረበ ጊዜ፥ ስለ ስሜ ተጨንቄ፥ ስጋጃ ገዝቼ በዚያ ሁሉ ላይ ዘረጋሁበት። ቤቱም አማረ። በማግሥቱ እናቴ እንደ ልማዷ ስትሄድ እግሯ የስጋጃውን ልስላሴ ባገኘ ጊዜ ቦታው ጠፋባት፤ ከጐድጓዳው ገብታ ወደቀች፥ የእጇም አንጓ ተሰበረ።

እንግዲህ አስተውል። ያ ጐድጓዳ አርባ ዓመት ተገልጦ ሲኖር ማንንም አልሰበረም፤ በተሸፈነ በአንድ ቀን ሰበረ። የሙሴ ሕግ በዕውር ፊት ማሰናከያ ማኖርን ይከለክላል። እኔ ግን ይህ ትእዛዝ ለጨካኞች ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር፤ እንግዳ ለማክበር ቤቱን የሚያስጌጥ ሰው ይተላለፈዋል ብዬ ከቶ አላሰብሁም።

ከዚህ በኋላ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስመጣሁና «አባቴ፥ ስሚንቶ በላዩ ያፍስሱበትና ይጨርሱልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም «መምህር፥ ድንጋዩ ስለ ምን እንደ ሰጠመ ሳናውቅ ብናፈስበት፥ ያፈሰስነውም ይሰጥማል» አሉኝ። ወለሉንም ትተው ወደ ውጭ ወጡ። ለካ የጣራው ውኃ ከግድግዳው ሥር እየወረደ ወደ ውስጥ ይሰርግ ነበር፤ ከድንጋዩም በታች ያለውን አፈር በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ያጥበው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥራ እንግዲህ ቦይ መቆፈርና ውኃውን ማራቅ ሆነ። እውነቱን ልንገርህ፥ የቀን ዋጋ እየከፈልሁ ወለሉ ሳይነካ በመዋሉ ተበሳጭቼ ነበር።

በማግሥቱ ሲባጎ ወጥረው፥ በውኃ ልክ እየለኩ፥ ከሁሉ ከፍ ያለውን ድንጋይ ፈለጉ፤ ልኩ የሚነሣው ከዚያ ነውና። የሰጠመውን ሁሉ ነቅለው ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ ጠቀጠቁበት፥ በኖራ ጭቃም መልሰው አስቀመጡት። የተነሣውን ጠርዝ በመሮ ቀረጹት። የቀረውን ስንጥቅ ከመሙላታቸው በፊት አቧራውን ጠርገው ድንጋዩን በውኃ አራሱት፤ ደረቅ ድንጋይ የጭቃውን ውኃ ይጠጣበታልና፥ ሳይይዝ የደረቀ ልስንም ቆይቶ ይላቀቃል። በመጨረሻም ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ በየአቅጣጫው አጋደሙበት፤ በሥሩ ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት ካለ እንደ ገና ይሠሩታል። እኔ «ምንጣፍ ይሸፍነው የለምን?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ግን ያንኑ ስጋጃዬን ገልብጠው አሳዩኝ፤ በጥቂት ወር ውስጥ በድንጋዩ ጠርዝ ልክ ፀጉሩ ሳስቶ መስመር አውጥቶ ነበር። የሸሸግሁትን ሁሉ ምንጣፉ ራሱ ጽፎት ነበር።

ስሚንቶን ስለ ምን እንደ ተዉ ደግሞ ስማ። ዛሬ የምናውቀው ስሚንቶ ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት ነው፤ የአሮጌ ቤቶች ሠሪዎች በኖራና በጭቃ ይሠሩ ነበር። በመሬት ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ድንጋይ ከታች የሚመጣውን እርጥበት በስንጥቁ ያስተነፍሳል። ይህን በስሚንቶ ብትደፍነው እርጥበቱ አይጠፋም፤ ወደ ግድግዳው ይሄዳል እንጂ።

አሮጌ ወለል ሁሉ ይስተካከል ማለቴ ግን አይደለም። በላሊበላ ከዐለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የገባ ሰው፥ ከምንጣፉ በታች ዐለቱ ከፍ ዝቅ ሲል በእግሩ ያገኘዋል። ያን የተሳላሚ እግር ያለሰለሰውን ዐለት ላስተካክል የሚል መሮ ቢያነሣ ጥፋት ነው፤ ደግሞም ከ1978 ጀምሮ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ የምናገረው ሰው ስለሚኖርበትና ደካማ ስለሚመላለስበት ቤት ነው።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ስጋጃውን ልዘረጋ ተነሣሁ፤ ሽማግሌውም ከለከሉኝ። የስሚንቶ ልስን እንኳ ለአንድ ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ቀን ያህል ለመድረቅ ይሻል፤ ኖራ ከዚያም ይዘገያል፤ በእሳትም ቢያጣድፉት ይሰነጠቃል። «የብርጭቆ ሳህን በወለሉ ላይ ደፍተው ዙሪያውን ይድፈኑት፤ ሲነጋ በውስጡ ጤዛ ካገኙ ምንጣፉ ይሻግታል፥ ይታገሡ» አሉኝ።

እኔም በየማታው ሳህን እየደፋሁ፥ በየጥዋቱ ጤዛውን እያየሁ ስቀመጥ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እርሱና እኔ በየበዓሉ እንሳሳም ነበር፤ «እንዴት ሰነበትህ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባል ነበር፤ ሰዎችም ስለ ፍቅራችን ያመሰግኑን ነበር። ነገር ግን ካባታችን መሬት የሚገባውን የሦስት ዓመት ኪራይ እኔ ተቀብዬ፥ ድርሻውን ሳልሰጠው ቀርቼ ነበር። እርሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ልጆቻችን ግን ምክንያቱን ሳያውቁ እርስ በርሳቸው ይነቃቀፉ ጀምረው ነበር፤ እኛ ሸፍነነው በነበረው ጐድጓዳ የሚወድቁት እነርሱ ነበሩና። ጌታችን መሥዋዕቱን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ ዘንድ ሰውን እንዳዘዘ ስንት ጊዜ ለሌሎች አስተምሬ ነበር!

አንባቢ ሆይ፥ አንተ የምታውቀው የራስህ ደጃፍ አለ፤ እኔ አላየውም። የእኔን ግን ነግሬሃለሁ። ወደ ወንድሜ ቤት የሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን ነው፤ ልስኑ እስኪደርቅ ገና ብዙ ቀን ይቀር ነበር። በአራተኛው ቀን ጥዋት ሳህኑን ሳነሣ ጤዛው አልጠፋም ነበር። ስጋጃውን እንደ ተጠቀለለ በግድግዳው ላይ አስደግፌ ተውሁት፤ የኪራዩን ደብተርና ገንዘቡን ይዤ ወጣሁ። እናቴ በተጠቀለለው እጇ በሩን ይዛ፥ አዲሱን ወለል በእግሯ ትዳስስ ነበር።