ሚዛንም የሃይማኖት ምስክር ነው

የእግዚአብሔር ቃል በቤተ ክርስቲያን ተነቦ በቤተ ክርስቲያን የሚቀር አይደለም፤ ከምእመናን ጋራ ወደ ቤት፥ ወደ እርሻ፥ ወደ ገበያም ሊሄድ ይገባዋል። ሲያስቀድስ ክርስቲያን፥ ሲሸጥና ሲገዛ ግን ሌላ ሰው መሆን የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ለምእመናን ልናስታውስ የወደድነው ነገር ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ ነው። ነገሩ ዝቅ ያለ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ሕግም ነቢያትም ደጋግመው የተናገሩበት ስለ ሆነ ልንንቀው አይገባንም።

እግዚአብሔር ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት ባዘዘበት በዚያው በኦሪት ዘሌዋውያን፥ ሚዛኑም መስፈሪያውም እውነተኛ እንዲሆን ለእስራኤል አዘዘ፤ ከግብፅ ያወጣቸው አምላክ እርሱ መሆኑንም ከትእዛዙ ጋራ አስታወሳቸው (ሌዋ. 19፥35-36)። ይህን ማስታወሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ፈርዖን ጭዱን ከልክሎ የጡቡን ቍጥር ግን ሳያጐድል ይጠይቃቸው ነበርና (ዘፀ. 5፥7-8)፥ ሲሰጥ የሚያጐድል ሲቀበል ግን የሚያሟላ እጅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እስራኤል በራሳቸው ላይ አይተውታል። በኦሪት ዘዳግምም አንድ ሰው በከረጢቱ ታላቅና ታናሽ መመዘኛ፥ በቤቱም ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ እንዳይኖረው ተከለከለ (ዘዳ. 25፥13-16)። ታላቁ የሚገዛበት፥ ታናሹ የሚሸጥበት ነውና።

በዖዝያን ዘመን የተነሣው የቴቁሔው ነቢይ አሞጽ የወቀሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የማያውቁ አልነበሩም። በሰንበት ንግዳቸውን ይተዉ ነበር፤ ልባቸው ግን ቀኑ መቼ ያልፍልን ይሆን ይል ነበር። ሰንበት ሲያልፍ መስፈሪያውን ለማሳነስ፥ ሚዛኑን ለማጣመም፥ የስንዴውንም ግርድ ለድኻ ለመሸጥ ይቸኵሉ ነበር (አሞ. 8፥4-6)። እግዚአብሔርም ይህን ሥራቸውን እንደማይረሳ ምሎ ተናገረ። እነሆ፥ በዓሉ ተከብሮ ሳለ ያከበረው ሰው ተወቀሰ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ምን እናገኛለን? ዓርብ ረቡዕን የሚጾም፥ በዕለተ በዓል ነጠላውን አጣፍቶ የሚያስቀድስ ሰው፥ በማግሥቱ በርበሬውን ከቀይ አፈር፥ ቅቤውን ከባዕድ ነገር፥ ማሩን ከስኳር ሲደባልቅ ይገኛል። ጣሳው ቂጡ ወደ ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ ሚዛኑም ያዘነብላል። ቢጠየቅም ጥቂት ነገር ናት ይላል። ነገር ግን ከአንዱ ኪሎ 100 ግራም የሚያጐድል ሰው፥ ከ10 ገዢ አንድ ሙሉ ኪሎ ሰርቋል። ከማን እንደሚሰርቅም እንመልከት። ባለጸጋው በኵንታል ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ሊያስመዝን ይችላል፤ በጣሳና በግማሽ ኪሎ የምትገዛው የልጆች እናት ግን ሚዛን የላትም። እርስዋ ያላት የሻጩ ሃይማኖት ብቻ ነው፤ እርሱም ከጐደለ ልጆችዋ ጐድሎባቸው ያድራሉ።

አንዳንዱ፥ ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው፤ እኔ ብቻዬን በቀና ሚዛን ብሸጥ እከስራለሁ ይላል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ ልጆች ማሳደግና የሱቅ ኪራይ መክፈል አለበትና። ነገር ግን ሁሉ ስለሚያደርገው ኃጢአት ጽድቅ አይሆንም። ዋጋው ካላዋጣው በግልጥ ዋጋውን ይጨምር፤ ገዢው ዐውቆ ይገዛል ወይም ይተዋል። ሚዛኑን በስውር ማጕደል ግን ገዢው ሳያውቅ ከመሶቡ መስረቅ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ፤ ይኸውም ከጐደለ ሚዛን በተገኘ ትርፍ ጥላና መጋረጃ ገዝቶ ለታቦት ስእለት ማግባት ነው። ከድኻ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናል። ዘኬዎስ ግን መንገዱን አሳይቶናል፤ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። ስለዚህ ንስሐ የሚገባ ነጋዴ የበደለውን የሚያውቅ እንደ ሆነ ለበደለው ይመልስ፤ የማያውቅ እንደ ሆነ ከንስሐ አባቱ ጋራ ተማክሮ ለድኾች ይስጥ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የተጠቀጠቀውን ጣሳ ከቤቱ ያውጣ።

ይህን ስንል ሻጩን ብቻ መውቀሳችን አይደለም። ገዢም ዕቃውን በሐሰት አጣጥሎ ወስዶ ዘወር ሲል የሚመካ እንዳለ ጠቢቡ ሰሎሞን ገልጦታል (ምሳ. 20፥14)። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዙን ነገ ከነገ ወዲያ የሚል ሰውም መስፈሪያ አጕዳይ ነው፤ ሕግ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፍለው ያዝዛልና (ዘዳ. 24፥15)። ሙሉ ደመወዝ ተቀብሎ ግማሽ ቀን የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዳችን በእጃችን የተሰጠን አንድ መስፈሪያ አለ።

ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ሦስተኛው ምኩራብ ይባላል፤ ጌታችን በቤተ መቅደስ ይነግዱ የነበሩትን ያስወጣበት ነገር ይታሰብበታል። በዚያ ጊዜ የነበሩት ሰዎች ገበያን ወደ ቤተ መቅደስ አስገብተው ተገሠጹ፤ የእኛ ዘመን በደል ደግሞ የቤተ መቅደሱን ትምህርት ከገበያ ማስቀረታችን ነው።

በተአምረ ማርያም የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማይወድ ምእመን የለም። የ78 ነፍስ ደም በሚዛን ሲከብድበት፥ በእመቤታችን ስም ለተጠማው ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውሃ በምልጃዋ በልጦ ተገኘለት። እኛም ሁላችን በዚያ ሚዛን ተስፋ እናደርጋለን። እንግዲህ ለተጠማ የተሰጠ ጥርኝ ውሃ በዚያ የሚቈጠር ከሆነ፥ ከተራበ ሰው የተቀነሰ ጥርኝ እህልም ሳይቈጠር አይቀርም። ስለዚህ ነጋዴው ነገ ጧት ሱቁን ሲከፍት በፊቱ ካማተበ በኋላ ሚዛኑን ይመልከት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ያ ቀን ለእርሱ የተባረከ ቀን ነው።

በምንመዝንበት በዚያው ሚዛን ስንመዘን ቀለን እንዳንገኝ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።