የአያትሽን ታሪክ ስትጽፊ

ልጄ፣ የእህቴን፣ የአያትሽን ተዝካር አውጥተን አዲስ አበባ ከተመለስሽ በኋላ «ስለ እማሆይ ልጽፍ ነው» ብለሽ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል፤ እግዜር ያስፈጽምሽ። የላክሽልኝ ጅማሬ ግን አላጠገበኝም። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ጸሎተኛ ነበረች ትያለሽ። እውነት ነው፣ ነበረች። ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ስለ ሁሉም ሟች ይህንኑ ይላል። አንቺ እኮ ጉያዋ ውስጥ ያደግሽ ነሽ። ስለዚህ ደግነቷን ለጊዜው ተይውና የእጇን ሥራ ጻፊ።

ክረምቱ ወጥቶ አክርማው ሲደርስ ከማንም ቀድማ ወደ መስኩ የምትወርደው እሷ ነበረች። ሰንጥቃ ታደርቀዋለች፤ ግማሹን በቀለም ቀቅላ አለላ ታደርገዋለች። ከዚያ ስንደዶውን ከውስጥ ይዛ፣ አክርማውን እያራሰች፣ በወስፌ እየወጋች ዙሩን ስታስኬድ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተሻል። ጸሎት የመሰለሽ ቆጠራ ነበር። የአለላው ሐረግ ከተነሣበት ጋር ሳይገጥም ከቀረ የሳምንት ሥራዋን ቁጭ ብላ ትፈታለች። ሰው ሲያጫውታት ዝም የምትለውም ኮርታ ሳይሆን ቁጥሩ እንዳይጠፋት ነው። ይህን ከጻፍሽ «ትዕግሥተኛ ነበረች» የሚል ቃል አያስፈልግሽም።

ቀጥለሽ ትውልዷን ቁጠሪ። በእኛ አገር ትውልድ መቁጠር የጨዋታ ነገር አልነበረም፤ መሬት ነበር። ጎጃም ውስጥ ርስት ይገኝ የነበረው ከአቅኚ አባት በመወለድ ነበር፤ ልደቱም በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናት፣ በአያት፣ በቅድመ አያትም በኩል ይቆጠር ነበር። ሰው በእናቱ እናት በኩል ማዶ ካለው ደብር ርስት አለኝ ብሎ ሊነሣ ይችል ነበር። ዳኛ ፊት ሲቆም ግን ከራሱ እስከ አቅኚው አንድም ስም ሳይዘል መቁጠር ነበረበት። መካከል ላይ ያለችውን ሴት ስም ከረሳ ክርክሩ እዚያው ላይ ተበጠሰ። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎታል፤ ፈልገሽ አንብቢው፣ የአያቶችሽ ሙግት ይገባሻል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ስለ አዋጁ አሁን አንሟገትም። ብቻ ሙግቱ ሲቀር ቆጠራውም አብሮ ቀረ። ዛሬ ልጆቻችን የአባታቸውን አባት ጠርተው ይቆማሉ፤ የእናቱን እናት እናት ስም የሚያውቅ ብርቅ ሆኗል። በፊት ሴቶቹን በዝርዝሩ ያቆያቸው መሬቱ ነበር። አሁን የሚያቆያቸው ያንቺ ዓይነት ሰው ካልሆነ ሌላ የለም። ይህን ስልሽ ቁጭት ይዞኝ ነው።

አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን አስቢ። ትውልዳቸው ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ ነው፤ በልጅነታቸው ተማርከው ጎጃም መጡ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆኑ። «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ» የተባለው ታላቅ ሥራ የሳቸው ነው። እዚህ ያልተወለዱ ሰው የእኛን አባቶች እንዲህ ለቅመው ካቆዩልን፣ አንቺ የገዛ አያትሽን እናት ስም ለማግኘት አንድ ክረምት ቢወስድብሽ አይብዛብሽ።

ደግሞ እዚሁ ደጃችን ላይ የእሌኒ ነገር አለልሽ። ወደ መርጡለ ማርያም በመጣሽ ቁጥር በአጥር ግቢው ያለውን የፈረሰ ግንብ፣ የተጠረበውን ድንጋይና በላዩ ላይ የተቀረጸውን አበባ ታይዋለሽ። እንደ ደብሩ ትውፊት ቦታው አስቀድሞ መሥዋዕተ ኦሪት የሚቀርብበት ነበር፤ የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን የሠሩትም አብርሃና አጽብሃ ናቸው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግንቡን አሠራች። በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ካህናት መልሰው ሠሩት። ሴትዮዋ ማን ነበረች? የሐዲያ ገዥ ልጅ፣ በእስላም ቤት ያደገች፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት። ልጅ አልወለደችም። ሆኖም የባሏ ልጅ አፄ በእደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት፤ የበእደ ማርያም የልጅ ልጅ ልብነ ድንግል በ1508 እ.ኤ.አ. ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥም አገሩን ይዛ ያቆየችው እሷ ነች። አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው አደጋው ሳይደርስ ከሩቅ ታይቷት ነበር። ኆኅተ ብርሃንና እንዚራ ስብሐት ድርሰቷ እንደሆኑ ይነገርላታል። ወደ 1522 እ.ኤ.አ. አካባቢ ስታርፍ፣ በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ የሕዝቡን ለቅሶ መዝግቦታል፤ አባትም እናትም የሞተበት ነበር የሚመስለው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። አያትነት በአብራክ ብቻ የሚገኝ ቢሆን እሌኒ የማንም አያት አልነበረችም። እህቴም በ77ቱ ድርቅ ከዓባይ ማዶ ተሻግሮ የመጣውን ልጅ ከልጆቿ ሳትለይ አሳድጋለች፤ ሚስት አጭታ፣ ድል ባለ ሠርግ ድራዋለች። በላክሽልኝ የቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ስሙን አላየሁትም። አስገቢው፤ ልጆቹንም አስገቢ። ተዝካሩ ላይ ውኃ ሲቀዳ፣ ድንኳን ሲተክል የዋለው እሱ ነው።

የሚያስጨንቅሽንም አትዝለይ። እህቴ አሥር ዓመት ሳይሞላት ተድራለች። ያን ጊዜ ደንቡ ነበር ብለሽ በአንድ መስመር እንዳታልፊው፤ ክብሯን የጠበቅሽ መስሎሽም እንዳትደብቂው። ሁለት ጊዜ ወደ እናታችን ቤት ሸሽታ መጥታለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ መልሷታል። ሴቶች ልጆቿን በሙሉ ትምህርት ቤት የሰደደችው፣ እናትሽን ሊያጯት የመጡትንም ከደጅ የመለሰቻቸው ከዚያ ተነሥታ ነው። የመጀመሪያውን ትተሽ ሁለተኛውን ብቻ ብትጽፊ አንባቢው አያምንሽም።

ዓመተ ምሕረት ስትፈልጊ ሰዎቹን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ያኔ ምን እንደሆነ ጠይቂ። በላይ ዘለቀ የተሰቀለ ዓመት ነው ካሉሽ 1937 ነው፤ እናታችን የእህቴን ልደት የምትቆጥረው በዚያ ነበር። ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ያመፀበት ከሆነ 1960 ነው። ዘማቾች ከከተማ የመጡበት ከሆነ አዋጁ የወጣበት ዘመን ነው። አንዱ የነገረሽን ለሌላው ሳትነግሪ ለየብቻ ጠይቂና አስተያዪው።

ድምፃቸውንም ቅጂ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ጨዋታ በቴፕ ቀድተው ነው «መጽሐፈ ትዝታ»ን ያወጡልን፤ ስታነቢው ሽማግሌው ፊትሽ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስልሻል፣ ቋንቋቸው አልተነካማ። አንቺም የእኛን የገጠር አነጋገር ለማሳመር አትድከሚ። የሰማሽውን እንደተባለ ጻፊው።

የጽዋዋ ነገር ገና አልተቆረጠም። በየወሩ በ21 የማርያምን ማኅበር ከጎረቤቶቿ ጋር ስትጠጣ ኖራለች፤ ተራዋ ሲደርስ ማን እንደሚያወጣ ማኅበርተኞቹ ጠይቀውኛል። እናትሽ እሺ ብላለች፤ ብቻዋን ግን አትችለውምና በጠላውም በዳቦውም አግዣት። ለማኅበሩ ስትመጪ ሴቶቹን በሙሉ በአንድ ቤት ታገኛቸዋለሽ፤ ለመጠየቅም ከዚያ የተሻለ ቀን የለሽም። ከሁሉ በፊት አጠገባችን ያሉትን አሮጊት አነጋግሪያቸው፤ ከእህቴ ጋር በአንድ ቀን ነው ስፌት የጀመሩት። ጆሯቸው ከብዷል፣ በግራቸው በኩል ተቀምጠሽ ጮክ በይ። ከሰዓት በኋላ ስለሚደክማቸው በጠዋት ሂጂ፤ ቡናውን እኔ አስፈላለሁ።