የሙከራ ወረቀቱ ክብር

የአንድ ሥራ ዋጋ የሚለካው ሠሪው ባሰበው ዓላማ ነው ወይስ ሥራው ኋላ በሰጠው ጥቅም? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢጣሊያ አንጥረኞች የተዉአቸው ትናንሽ ወረቀቶች ይህን ጥያቄ ያስነሣሉ።

የፍሎሬንስና የቦሎኛ አንጥረኞች በብር ላይ ሐረግና ምስል ከቀረጹ በኋላ ጭረቱን ኒዬሎ በተባለ ጥቁር ውሕድ ይሞሉት ነበር። ውሕዱ ከብር፣ ከመዳብ፣ ከእርሳስና ከድኝ ይቀመማል፤ በእሳት ቀልጦ ጭረቱን ከሞላ በኋላ ስሕተትን ማረም አዳጋች ነው። ስለዚህ አንዳንዱ አንጥረኛ አስቀድሞ ጭረቱን ቀለም አስገብቶ በወረቀት ላይ ያትመው ነበር። ጽሑፍ ያለበት እንደ ሆነ ፊደሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ወረቀቱ ለምርመራ እንጂ ለንባብ አልታሰበምና።

ጆርጆ ቫሳሪ እ.ኤ.አ. በ1568 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ሥዕል የማተምን ጥበብ ያስጀመረው የፍሎሬንሱ አንጥረኛ ማሶ ፊኒጉዌራ ነው ሲል ጻፈ። ኋላ ግን ጥበቡ በጀርመን አገር ቀድሞ ይሠራበት እንደ ነበር ታወቀ። ፔሬግሪኖ ዳ ቼዜናን የመሰሉት ደግሞ በኒዬሎ ስልት የጌጥ ሐረጎችን ስማቸውን አኑረው አተሙ፤ የጌጥ ኅትመትም ለሌሎች ባለእጆች አብነት የሚሆን ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

ታዲያ ለመጀመሪያው የሙከራ ወረቀት ምን ክብር ይገባዋል? ሠሪው ያላሰበውን ጥቅም በስሙ መቁጠር ከእውነት መራቅ ነው። የሚገባው ምስጋና ሌላ ነው፤ ይኸውም ተመልካች ሳይኖረው፣ ስሕተቱ በእሳት ከመጽናቱ በፊት፣ የገዛ እጁን ሥራ መመርመሩ ነው። የፈጣሪነቱ ስም ቢወሰድበትም ይህን ጥንቃቄውን ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርለታል።